የሽንፋ ኩሬና በመስተዋት የታጠረ ባሕር

ሰው ቤቱን ለማስጌጥ የማይደክምበት ነገር የለም። አንዱ ምንጣፍ ያነጥፋል፤ ሁለተኛው በደጁ አበባ ይተክላል፤ ሦስተኛው የአባቶቹን ጋሻና ጦር በግድግዳው ላይ ይሰቅላል። በባሕር ማዶ ከሚኖሩት ወገኖቻችን አንዳንዶቹ ደግሞ በአዳራሻቸው ውስጥ በመስተዋት የታጠረ ትንሽ ባሕር አኑረው፥ በውስጡ ዓሣና ኮራል ያሳድጋሉ። ይህ ጌጥ ከሌላው ጌጥ ሁሉ የሚለየው ሕይወት ያለው በመሆኑ ነው። ምንጣፍ ቢዘነጉት አቧራ ይይዘዋል እንጂ አይሞትም፤ ይህ ትንሽ ባሕር ግን በአንድ ሌሊት ስሕተት ሊጠፋ ይችላል።

ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንጽፍ ያሰብነው፥ ለኮራል ጤና ሲባል በባሕሩ ውኃ ውስጥ ኮምጣጤ ወይም ስኳር በልክ ስለ መጨመር ጥበብ ነው። ኮምጣጤና ስኳር ለባሕር ምን ይረባዋል የሚል ይኖር ይሆናል፤ እኛም መጀመሪያ ስንሰማው ቀልድ መስሎን ነበር። ነገሩን በደንብ ያስረዱን ግን መጽሐፍ የመረመሩ ሊቃውንት ብቻ ሳይሆኑ፥ በሽንፋ ተወልደው ያደጉ አንዲት አሮጊት ወይዘሮ ጭምር ስለ ሆኑ፥ ነገራችንን ከመተማ ቆላ እንጀምራለን። የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሽንፋ በምዕራብ ጎንደር፥ በሱዳን ጠረፍ አጠገብ፥ ሰሊጥና ጥጥ የሚበቅልበት የቆላ አገር ነው። የሽንፋ ወንዝ በክረምት ደፍርሶ ይሞላና ውኃውን ወደ አባይ ይልካል። ዝናሙ ካባራ በኋላ ግን እየቀነሰ ይሄድና፥ በበጋው ሐሩር ፍሰቱ ተቋርጦ በየጥልቁ ሥፍራ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። በወንዙ ሙሉ ተበትኖ የነበረው ዓሣ ያን ጊዜ በጥቂት ኩሬ ይታጎራል። ከዳር ያሉት ዛፎች ቅጠላቸውን ያረግፉበታል፤ ለመጠጥ የሚወርዱትም ከብቶች እበት ይጥሉበታል። ስለዚህ ውኃው በየቀኑ ያንሳል፤ በውስጡ ያለው ሸክም ግን በየቀኑ ይከብዳል።

ከእንደዚህ ያለ ኩሬ ዓሣ ማውጣት ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቻቸው ሽንፋ-መተማ 1 ተብሎ በተሰየመው ሥፍራ ቈፍረው ያገኙትን በ2024 በመጋቢት ወር፥ ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት አስታውቀዋል። በዚያ ሥፍራ ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የሰፈሩ ሰዎች የተዉት የድንጋይ መሣሪያ፥ የአውሬና የዓሣ አጥንት፥ የሰጎንም እንቍላል ቅርፊት ተገኝቷል። በኢንዶኔዥያ የሚገኘው የቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ በሰማይ የተበተነው ረቂቅ የብርጭቆ ብናኝ እስከ ሽንፋ ደርሶ በአፈሩ ውስጥ ስለ ተገኘ፥ ዘመኑን በእርሱ አወቁት። ከፍንዳታው በኋላ ድርቁ በበረታ ጊዜ፥ ሰዎቹ ከቀድሞው ይልቅ ዓሣ አብዝተው እንደ በሉ አጥንቱ ይመሰክራል። ሊቃውንቱም ሲያስረዱ፥ ኩሬው እያነሰ ሲሄድ ዓሣውን መያዝ ስለሚቀል ነው ይላሉ። እንግዲህ በሽንፋ ዳር የታጠረን ውኃ ጠባይ መመልከት እጅግ የቈየ ትምህርት ነው።

አሁን ከኩሬው ወደ ባሕሩ እንሻገር። ኮራልን ብዙ ሰው ድንጋይ ወይም ተክል ይመስለዋል፤ ነገር ግን እንስሳ ነው። እጅግ ትንንሽ የሆኑ፥ በአፋቸው ዙሪያ ጣት የመሰለ መያዣ ያላቸው ፍጥረቶች ተባብረው፥ በባሕሩ ውኃ የሟሟውን ኖራ እየወሰዱ የድንጋይ ቤት ይሠራሉ። በሥጋቸውም ውስጥ አልጌ የሚባል ተክል መሳይ ረቂቅ ፍጥረት አስጠግተው ይኖራሉ፤ እርሱ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጅላቸዋል፥ እነርሱም መጠለያ ይሰጡታል። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ይህ ኅብረት ይፈርስና ኮራሉ ነጥቶ ይራባል። ከ2023 ጀምሮ በብዙ ባሕሮች ይህ መንጣት ስለ ደረሰ፥ የአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር መሥሪያ ቤት ዓለምን ያዳረሰ አራተኛው መንጣት መሆኑን በሚያዝያ 2024 አስታውቋል። ስለዚህ ኮራልን በመስተዋት ውስጥ ማሳደግ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የኮራልን ቅርንጫፍ ቈርጦ እንደ ተክል ማባዛት ስለሚቻል፥ በቤት ያደገው ከባሕር በሚነቀለው ፈንታ ይሆናል።

ኮራል የሚወደው ባሕር ብርሃኑ ብዙ፥ ፍጉ ግን ጥቂት የሆነውን ነው። በመስተዋት የታጠረው ባሕር ደግሞ ባለቤቱ ካልተጠነቀቀ ዕለት ዕለት ፍግ ይከማችበታል። ዓሣው ከበላ በኋላ የሚጥለው እድፍና የተረፈው ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያ የሚባሉ ረቂቃን ሕያዋን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፥ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት እንደ አሞኒያ ፈጥኖ አይገድልም፤ ነገር ግን በቂ መውጫ ስለሌለው ይከማቻል። ከምግቡ የሚመጣው ፎስፌትም እንዲሁ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲበዙ አረንጓዴው አልጌ መስተዋቱንና ድንጋዩን ይወርሰዋል፤ የኮራሉም መልክ ይጠወልግና ቡናማ ይሆናል፥ እድገቱም ይዘገያል።

ለዚህ ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ የካርቦን መመገብ ነው። ባክቴሪያ ሥጋውን ለመገንባት ካርቦንን፥ ናይትሮጅንንና ፎስፎርን በአንድነት ይሻል። አሜሪካዊው ሊቅ አልፍሬድ ሬድፊልድ በ1934 ጥናታቸውን አትመው፥ በኋላም ከባልደረቦቻቸው ጋር እንዳጸኑት፥ በባሕር ላይ በሚንሳፈፉት ረቂቃን ሕያዋን ሥጋ ውስጥ ለ1 ፎስፎር 16 ናይትሮጅንና 106 ካርቦን ይገኛል። የባክቴሪያው ልክ ከዚህ ጥቂት ቢለይም ሥርዓቱ አንድ ነው። በታጠረው ባሕር ውስጥ ናይትሮጅንና ፎስፎር ተትረፍርፎ፥ ባክቴሪያው የሚበላው ካርቦን ግን ይጎድላል። ይህን ጎዶሎ ኮምጣጤ፥ ስኳር፥ ወይም እንደ አረቄ የበረታው ቮድካ ይሞላዋል። ያን ጊዜ ባክቴሪያው ይባዛና ናይትሬቱንና ፎስፌቱን በሥጋው ውስጥ ያስረዋል። ከዚያ በኋላ ስኪመር የሚባለው፥ አረፋ እያስነሣ እድፍን የሚለይ መሣሪያ፥ ባክቴሪያውን ከነሸክሙ ጠርጎ ያወጣዋል፤ ከፊሉንም አንዳንዱ ኮራል ይመገበዋል።

ይህ ነገር ለቤት እመቤቶቻችን እንግዳ አይሆንም። ሊጡን የሚያቦካው እርሾው ነው እንጂ የጋጋሪዋ እጅ አይደለም፤ እርስዋ የምታደርገው ዱቄቱንና ውኃውን በልክ ሰጥታ መጠበቅ ነው። እንደዚሁም ውኃውን የሚያጠራው ኮምጣጤው አይደለም፤ የሚያጠራው ባክቴሪያው ነው፥ ኮምጣጤው ግን ምግቡ ነው። ይህን ሳይለይ እንደ መድኃኒት ቈጥሮ ያበዛ ሰው የሚደርስበትን ከአንድ ወዳጃችን ቤት እናሳያለን።

ይህ ወዳጃችን በአሜሪካ፥ በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ይኖራል። በአዳራሹ 400 ሊትር የሚይዝ የመስተዋት ባሕር አለው፤ በውስጡም ዘጠኝ ዓሣና ብዙ ዓይነት ኮራል ያኖር ነበር። አንድ ዓመት ናይትሬቱ በአንድ ሊትር ውኃ እስከ 40 ሚሊግራም ደርሶ ኮራሉ ጠወለገበት። ስለዚህ በየቀኑ 4 ሚሊ ሊትር ነጭ ኮምጣጤ እየለካ መጨመር ጀመረ፤ ይህም ለ100 ሊትር ውኃ 1 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ልኩንም በየሳምንቱ በጥቂቱ ያሳድግ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ናይትሬቱ ወደ 25 ወረደ። ነገሩ በመልካም መንገድ ላይ ነበረ።

አሥር ዓመት የሆነው ልጁ ግን ኮራሉን እጅግ ይወድ ስለ ነበረ መዘግየቱ አላስደሰተውም። «አባዬ፥ የሚያድነው ከሆነ ለምን አንድ ጊዜ አትሰጠውም?» ብሎ ጠየቀው። አባቱ ሥራ ይዞ ነበርና «አይሆንም፥ እንዳትነካው» ብሎ ብቻ መለሰለት። ሕጉን ነገረው፤ ምክንያቱን ግን አልነገረውም። ልጁም ማታ ሁሉ ከተኛ በኋላ አንድ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ ኮምጣጤ በባሕሩ ውስጥ ገለበጠ። ይህን ያደረገው በክፋት አይደለም፤ ነገ ጠዋት ኮራሉ ድኖ ሲገኝ አባቱን ሊያስደስት ብሎ ነበር።

በዚያ ሰሞን የአባትየው እናት፥ በመግቢያው ያነሣናቸው ወይዘሮ፥ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ከአገር ቤት መጥተው ነበር። በልማዳቸው ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ወደ አዳራሹ ቢገቡ፥ ውኃው እንደ አጓት ነጥቶ፥ ዓሣዎቹ ሁሉ ወደ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ አገኙ። ይህን መልክ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። በሽንፋ ኩሬ በበጋው ማለቂያ፥ በተለይም ጎሕ ሲቀድ፥ ዓሣው እንዲሁ አፉን ከውኃው በላይ ያወጣል። መጀመሪያ ቆሮሶው ይሞታል፤ አምባዛው ግን ከአየር መተንፈስ ስለሚችል እስከ መጨረሻ ይቆያል።

ወይዘሮዋም ልጃቸውን ቀሰቀሱትና «ልጄ፥ ተነሥ፤ ውኃህ ታፍኗል» አሉት።

«እማዬ፥ ውኃ እንዴት ይታፈናል?»

«የሽንፋ ኩሬ እንደሚታፈን ነዋ! ይልቅ ጣሳ አምጣ፤ እየቀዳህ ከላይ አፍስስበት፥ ነፋስ ይግባው።»

እርሱ መሣሪያውን ሲፈልግ እርሳቸው መቅዳትና ማፍሰስ ጀመሩ። ምንጣፉ በጨው ውኃ ራሰ፤ ስለ ምንጣፍ ያሰበ ግን አልነበረም። ቈይቶም ወዳጃችን አየር የሚነፋውን መሣሪያ አግኝቶ አስገባበት፤ ዝግጁ ከነበረው አዲስ የባሕር ውኃም ለወጠለት። እስከ ረፋድ ድረስ ሰባቱ ዓሣዎች ነፍስ ዘሩ፤ ሁለቱ ግን ሞቱ። ከኮራሉም አንዱ በሳምንቱ ሥጋው ተልጦ ነጭ አጥንቱ ቀረ።

ምክንያቱን በቍጥር እንመልከተው። ሙቀት ያለው የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር የሚይዘው ኦክሲጅን ከ7 ሚሊግራም እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ 400 ሊትር ውኃ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ወደ 3 ግራም ብቻ ነው። 100 ሚሊ ሊትር ኮምጣጤ ደግሞ 5 ግራም ያህል አሲድ አለበት፤ ባክቴሪያው ይህን ፈጽሞ ቢያቃጥለው ከ5 ግራም የሚበልጥ ኦክሲጅን ይሻል። ከፊሉ ለሥጋው መገንቢያ ስለሚውል ሁሉ ባይቃጠል እንኳ፥ የዓሣውን ትንፋሽ ለማሳጣት በቂ ነው። በተለይም ሌሊት ብርሃን ስለሌለ አልጌው ኦክሲጅን አያወጣም፤ ይልቁንም እርሱም ይተነፍሳል። ለዚህ ነው በኩሬም ሆነ በመስተዋት ውስጥ ክፉው ሰዓት ጎሕ ሲቀድ የሚሆነው። ወይዘሮዋ ከላይ ማፍሰስን ያዘዙትም በትክክል ነው፤ ውኃ ከላይ ሲወርድ ከአየሩ ጋር ተደባልቆ ኦክሲጅን ይዞ ይገባልና።

የምርምር ሰዎችም ስለ ልክ ያስጠነቀቁት ነገር አለ። ዴቪድ ክላይንና ባልደረቦቻቸው በ2006 ባሳተሙት ጥናት፥ ስኳርን የመሰለ ካርቦን በውኃው ውስጥ ቢያበዙ በኮራሉ ገላ ላይ የሚኖረው ባክቴሪያ እጅግ ተባዝቶ ኮራሉን እንደ ገደለው አሳይተዋል። እንዲሁም በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ዬርግ ቪደንማንና ባልደረቦቻቸው በ2013 እንዳስታወቁት፥ ናይትሬት በዝቶ ፎስፌት የጠፋ እንደ ሆነ ኮራሉ ሙቀትና ብርሃን ሲበረታበት ቶሎ ይነጣል። እንግዲህ ፍግ ቢበዛ ኮራሉ ይጎዳል፤ ፈጽሞ ቢጠፋም ይራባል። የሚፈለገው ባዶ ውኃ ሳይሆን ልከኛ ውኃ ነው።

ይህን ሥራ በቤታቸው ለሚሞክሩ ወገኖቻችን ጥቂት ምክር እንጨምራለን። አንደኛ፥ አረፋ የሚያወጣው ስኪመር ሌሊትና ቀን መሥራት አለበት፤ ባክቴሪያው ተባዝቶ ካልወጣ፥ ሲሞት ያሰረውን ሁሉ መልሶ ይፈታዋልና። ሁለተኛ፥ ኮምጣጤው ቀለምና ቅመም የሌለበት ነጭ ይሁን፤ በሌላ ነገር የሚለውጥም ሰው ልኩን ይለውጥ። ከመቶው 40 እጅ አልኮል ያለበት ቮድካ ከመቶው 5 እጅ አሲድ ካለበት ኮምጣጤ 8 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ካርቦን ስላለው፥ ለኮምጣጤ የተባለውን ልክ በቮድካ የሰጠ ሰው ስምንት እጥፍ ሰጠ ማለት ነው። ሦስተኛ፥ ናይትሬቱንና ፎስፌቱን በየሳምንቱ መለካትና መጻፍ ይገባል፤ ልኩም የሚጨመረው ከሳምንት በኋላ በጥቂቱ ነው። አራተኛ፥ ናይትሬቱ ወደ 5 ወይም ወደ 10 ሚሊግራም ሲወርድ መጨመሩን ማቆም፥ ፎስፌቱ እየጠፋ ከሄደም መቀነስ ነው። አምስተኛ፥ ውኃው ነጭ ደመና ከመሰለ፥ ወይም ዓሣው ወደ ላይ ከወጣ፥ ምግቡን በዚያው ሰዓት ማቋረጥና አየር ማስገባት ነው። ከሁሉም ጋር ውኃ መለወጥ አይቀርም። የሽንፋ ኩሬ ክረምት ይመጣለታል፤ ወንዙ ሞልቶ አሮጌውን ውኃ ጠርጎ ይወስድለታል። በመስተዋት የታጠረው ባሕር ግን ክረምት የለውም፤ ክረምቱ ባለቤቱ ነው።

ይህ ጥበብ የሚጠቅመው ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፥ በአገራችን በኩሬ ቆሮሶ ለማርባት ለሚያስቡ ሁሉ የሚሆን ነው። ዮራም አቭኒሜሌክ የተባሉት የእስራኤል ሊቅ በ1999 እንደ ጻፉት፥ 1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ለማሰር ወደ 20 ግራም የሚጠጋ ስኳር ወይም ስታርች ያስፈልጋል። ባክቴሪያው ተሰብስቦ እንደ ፍርፋሪ ሲሆን ቆሮሶው መልሶ ይበላዋል፤ ስለዚህ እድፉ ምግብ ሆነ ማለት ነው። ለዚህም በብዙ አገር የሚያውሉት ሞላሰስን ነው፤ ይህም በእኛ አገር እንደ ወንጂና እንደ መተሐራ ባሉ የስኳር ፋብሪካዎች ከሸንኮራ አገዳው የሚተርፈው ጥቍር ዝልግልግ ነው። ነገር ግን እዚያም ሕጉ አንድ ነው፤ አየር የሚነፋ መሣሪያ ሳያቆም ሞላሰስ ያፈሰሰ ሰው፥ የሽንፋን ኩሬ የበጋ ማለቂያ በገዛ እጁ በኩሬው ላይ ያመጣል።

አሁን ወደ ወዳጃችን ቤት እንመለስ። በዚያ ጠዋት አባትየው ጥፋቱን ሲጠይቅ ልጁ ከአያቱ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገ። ወይዘሮዋም «ልጁ ወደደው እንጂ አልጠላውም፤ ፍቅሩ ልክ አጣ። አንተም ለምን እንደማይሆን አልነገርኸውም» አሉ። አባትየው ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ልጁን አስቀምጦ፥ ስለ ባክቴሪያውና ስለ ትንፋሹ ከላይ የጻፍነውን ሁሉ አስረዳው። የሞቱትንም ሁለቱን ዓሣዎች አብረው ከአትክልቱ ሥር ቀበሯቸው። ከዚያም ቀን ጀምሮ መለኪያውንና መዝገቡን ለልጁ ሰጠው። ሦስት ሳምንት ምንም ሳይጨምሩ ቈዩ፤ ውኃው ከጠራ በኋላም እንደ ገና ከ4 ሚሊ ሊትር ጀመሩ። ልጅን ከአንድ ነገር መከልከል ቀላል ነው፤ ምክንያቱን አስረድቶ መለኪያውን በእጁ ማስያዝ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ የሚጠቅመውም ይህ ሁለተኛው ነው።

ወይዘሮዋ ወደ ሽንፋ ከተመለሱ ወራት አልፈዋል። ልጁ በየቅዳሜው ውኃውን ከለካ በኋላ በስልክ ይጠራቸዋል። እርሱ «እማማ፥ ወንዙ ሞላ ወይ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ እርሳቸውም «ገና ነው፥ የኔ ጌታ፤ ዝናሙን እየጠበቅን ነው። አንተስ ዛሬ ስንት ሰጠኸው?» ይሉታል።

«አራት» ይላቸዋል።

«ነገስ?»

«ነገም አራት።»